የእናቴ እጅ የሚያውቀው ኮምፒውተር

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር የእናቴ ነው። እኔ የምጠቀምበት እሷ ስትነሳ ብቻ ነው። ቡራዩ ስንገባ ከአልጋና ከቁም ሳጥን ቀድሞ ከመኪና የወረደው እሱ ነበር። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ተደረበበት፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ቦታውን አልነካም። ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚያጓራ አሮጌ ማሽን ነው። ውስጡ ያለው ዊንዶውስም ከማሽኑ እኩል ያረጀ፣ ማደሻ ከቀረለት ብዙ ዓመት የሆነው ነው።

እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታይፒስት ነበረች። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና ጻፈች፤ ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ብዙ ጓደኞቿ ደንግጠው ጡረታ ጠየቁ። እሷ ግን አንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ተጫነላትና ዳነች። ፕሮግራሙ የፊደሉን አደራደር ልክ እንደ ጽሕፈት መኪናው ያደርገዋል። ቁልፎቹ ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ለእሷ ጌጥ ነው፣ አይታውም አታውቅም። ጣቷ የሚሄደው ከወጣትነቷ ጀምሮ በሄደበት መንገድ ነው።

የመርሳት ነገር የጀመራት የከተማው ሰፈራችን ፈርሶ ወደ ቡራዩ ከመጣን በኋላ ነው። ሐኪሙ ከቤት መለወጡ ጋር አይገናኝም ብሎኛል። ይገናኛል ብዬ ለመከራከር አቅሙ አልነበረኝም። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣደችውን ረሳች፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ እኔን። አንዳንድ ቀን በሞተች እህቷ ስም ትጠራኛለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስም ፈልጋ ታጣለች።

ምሳ ከበላች በኋላ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እጇን ትታጠባለች፣ መነጽሯን ታጠልቃለች፣ ዳንቴሉን አጥፋ ወንበሩ ላይ ታስቀምጣለች። ከግራዋ አንድ ባዶ ወረቀት ታኖራለች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ረቂቅ እየገለበጠች ያለች ይመስላታል። ጣቶቿም ይሮጣሉ። የምትጽፈው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ነገሩ ግን የቤታችን ነው።

«ጉዳዩ፦ የውሃ መጥፋትን ስለማሳወቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ውሃ ከትናንት ጀምሮ የለም። ልጄ ጀሪካኖቹን ሳትሞላ ወደ ሥራ ሄዳለች። ለወደፊቱ እንዲታሰብበት በማክበር እንገልጻለን። ከሰላምታ ጋር።»

ማታ ከሥራ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ዳንቴሉን ገልጬ የዕለቱን ደብዳቤ ማንበብ ነበር። ቀን ቀን የምታያት ግቢው በር ላይ ሱቅ ያላት አከራያችን ናት፤ «ደህና ዋለች» ትለኛለች፣ ዝርዝሩን ግን የማውቀው ከደብዳቤው ነው። የጎረቤት ዶሮ ገብታ እንደነበር፣ መብራት ስንት ሰዓት እንደሄደ፣ ልጄ ከስታለች የሚል ቅሬታ። በአፏ ስሜ ጠፍቷታል። በደብዳቤዎቿ ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። ለማንም አልነገርኩም እንጂ የያዘኝ እሱ ነበር። እሷ እስከጻፈች ድረስ እኔ የሆነ ቦታ ልጇ ነኝ።

ችግሩ የመጣው በእኔው እጅ ነው። ሐኪሙ የምትጽፈውን ልይ ስላለኝ ጥቂት ደብዳቤ በፍላሽ ይዤ ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር የማን ፍላሽ ያልገባበት አለ? የሠርግ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የሙታን ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያልፈው። ሰው ፍላሽ ሲሰጥህ መጀመሪያ ልመርምረው ማለት ደግሞ እጅህን ታጠብ እንደማለት ነው፤ ይሰደባል እንጂ አይመረመርም። ያንን ፍላሽ ቤት ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ሰካሁት።

የምሠራው ከተማ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው። በነጋታው ጠዋት የሠራተኛው ፋይል ሁሉ በቫይረስ ወደማይከፈት ሾርትከት ተለውጦ ተገኘ። የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ከየት እንደመጣ ለማወቅ አልዘገየም። ኃላፊዬ ሰው በተሰበሰበበት «ከየትኛው ቤት ነው ይህን ያመጣሽው?» አለኝ። ከቡራዩ አልኩ፤ አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ትዝ ይለኛል። አሁን ያንን ቀን ሳስብ እንደምናደድ እጠብቃለሁ፣ አልናደድም።

የዚያን ሳምንት የቤታችንን ኮምፒውተር አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ለቢሮ ሥራም ለባንክም ቤት የምጠቀምበት ሌላ ማሽን የለኝም። ምርጫው በዛብኝ። አዲሱን ዊንዶውስ ልጫን ቢባል ማሽኑ አይችለውም። በየሱቁ የሚገለበጠውን ክራክ፣ የተሰረቀውን ዊንዶውስ ልጫን ቢባል፣ ቁልፉ በሌባ እጅ የተሠራ ቤት ውስጥ ዘበኛ መቅጠር ነው። አንቲቫይረስ በአሮጌው ላይ ጫንኩ፤ ማሽኑን እንደ ታማሚ አስተኝቶ፣ ቫይረሱ ፋይሌን ከበላ በኋላ ተገኝቷል ብሎ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከአምቦ መንገድ ዳር ድሮ ሬዲዮ፣ አሁን ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ፣ ብቻ ነው የሚላቸው። መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሄድኩ።

«አካም ጅርታ?» ብለው ሰላም አሉኝ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ። ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ማሽኑ የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«እማማ ኢንተርኔት ይገባሉ?»

«አትገባም። ደብዳቤ ነው የምትጽፈው።»

«እንግዲያው በር በሌለው ቤት ሌባ በየት ይገባል? የኢንተርኔት ገመዱን ንቀይ። ፍላሽ አታስገቢበት። አጽድቼ እሰጥሻለሁ፤ እሳቸው እንደለመዱት ይጻፉ። አንቺ ለራስሽ ሌላ ፈልጊ።»

ምክሩ ቀላል ነበርና ናቅሁት። ቢሮ ገብቼ ገመዱን ነቀልኩት ብዬ ማውራት ደግሞ አላማረኝም። የኮምፒውተር ክፍሉን ሰው ጠየቅሁት፤ ደግ ሰው ነው፣ ሰበታ ነው የሚኖረው። «በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ እጭንልሻለሁ፣» አለ። «ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሮጣል፣ ያ ቫይረስ ደግሞ እዚያ ላይ መነሻ የለውም። ቅዳሜ ቤቴ አምጪው።» ይህኛው ሲወራ ያምራል። ያፈርኩበት ቢሮ ውስጥ «እኔ ሊኑክስ ነው የምጠቀመው» ስል ታየኝ።

ቅዳሜ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከቡራዩ ከተማ፣ ከከተማ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ። ረዳቱ «እናት፣ ሕፃን ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። እግሬ ደንዝዞ ነበር የወረድኩት።

ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ከሁሉ በፊት የእናቴን ደብዳቤዎች አወጣ፣ መረመረ፣ ሁለት ቦታ ገለበጠ። ከዚያ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ አዲሱን ጫነ። ደብዳቤዎቹን ሲከፍታቸው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ታዩ፤ የድሮውን የፊደል ቅርጽ ፈልጎ አስገባና ተስተካከሉ። «ልጄ» የሚለውን በዓይኔ ሳይ ተነፈስኩ።

«አማርኛ መጻፊያ አለው?» አልኩት።

«እንዴታ። ሰ ለማለት ኤስን ትጫኛለሽ፣ መ ለማለት ኤምን። በስልክሽ እንደምትጽፊው ነው።»

ሞከርኩት። ስልኬ ላይ እንደምጽፈው ነው። «ቀላል ነው፣» አልኩ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እናቴ ስትጽፍ ያየሁት ጀርባዋን ነው፤ ጣቷ የት እንደሚያርፍ አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አላየሁም። ይህን ማሽን ልቀይርብሽ ነው ብዬም አልጠየቅኋትም። የታመመ ሰው ማን ያማክራል ብዬ ነው።

እሑድ ምሳ በላን። እጇን ታጠበች፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ ዳንቴሉን አጥፋ አስቀመጠች።

«እማ፣ ጸድቷል፤ አሁን ቫይረስ አይነካውም፣» አልኳት።

«ደግ፣» አለች።

ባዶ ወረቀቷን ከግራዋ አኖረች። ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ጀመረች። ጣቶቿ እንደ ድሮው ሮጡ፤ ድምፁ ያው ነው፣ እኔም ሶፋው ላይ ሆኜ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። አንድ መስመር ስትጨርስ ቀና አለች። ስክሪኑ ላይ የነበሩት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። አጠፋች። ቀስ ብላ እንደገና ጻፈች። አጠፋች። በሦስተኛው በአንድ ጣት፣ አንድ አንድ እያለች ሞከረች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጥፍሮቿን አየች።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። እሷ ግን ወንበሩን በሥርዓት መልሳ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መጥታ ፊቴ ቆመች። ሰው የአለቃው ጠረጴዛ ፊት እንደሚቆመው ነው የቆመችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣» አለችኝ። «ማሽኑ ምንም አልሆነም። እጄ ነው። ሥራው እንዳይበደል ሌላ ሰው ቢተኩበት ይሻላል።»

«እማ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ፣» አለች በትህትና። «እስካሁንም ታግሰውኛል።»

እናቴ እርስዎ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ምንም አልተሰማኝም። ልቤ ተሰበረ ብል ያምር ነበር፤ ውሸት ነው። ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። ሁለቴ ነው ያጠብኩት።

ሰኞ ቢሮ ሰውየውን ጠየቅሁት። ያ አደራደር እዚህ ላይ የለም፣ የድሮውን ፕሮግራም ዲስክ ካመጣሽ እናያለን አለኝ። ዲስክ የሚባል ነገር ቤታችን ኖሮ አያውቅም፤ ፕሮግራሙ የነበረው ያጠፋነው ውስጥ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውንም አጣሁ። ኦቦ ጋ ሮጥኩ። ሱቁ ተዘግቷል። ወንድማቸው ሞቶባቸው ሱሉልታ ለቅሶ ተቀምጠዋል ተባልኩ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ምሳ ከበላች በኋላ እናቴ እጇን መታጠብ ተወች። የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አከራያችን «ምን ሆና ነው እንዲህ ዝም ያለችው?» አለችኝ። ማታ ስገባ በልማድ ዳንቴሉን እገልጣለሁ፤ የሚነበብ የለም። እናቴ ግን ካየችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበራት።

«የልምድ ወረቀቴ መቼ ይደርሳል?»

ሥራ የለቀቀ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ነው። ይህን ያህል ዓመት አገልግሏል፣ ጸባዩ መልካም ነው፣ የሚል። የእኔ የየሳምንቱ ሥራ እሱ ነው፤ ስም ብቻ እየቀየርኩ አወጣዋለሁ።

ኦቦ ከለቅሶው ተመለሱ። ጥቁር ለብሰው ሱቃቸው ተቀምጠዋል። ነፍስ ይማር አልኳቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። ብዬሽ ነበር አላሉም። ከጠረጴዛቸው ሥር ካርቶን ጎትተው ዲስኮች ሲያገላብጡ ቆዩ።

«የእማማን ማሽን አንዴ ጠግኜው ነበር፤ ታስታውሻለሽ? እኔ የሰው ማሽን ስከፍት፣ ያለውን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ምናልባት ቢባል።»

የሰፈሩን ሰው ኮምፒውተር ሁሉ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠዋል ማለት ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ቢሰማ ራሱን ይይዝ ነበር። እኔ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

በማግሥቱ ሁሉም ነገር ተመለሰ። አሮጌው ዊንዶውስ፣ አረንጓዴው መስክ ያለበት ሥዕል፣ ያ ፕሮግራም። የኢንተርኔቱንም የፍላሹንም ቀዳዳ ኦቦ በፕላስተር ለጥፈው «በቃ፣ በር የለውም» አሉ። እሑድ ከምሳ በኋላ እናቴን በእጇ ይዤ አመጣኋት።

«እማ፣ ተሠርቷል። እንደ ድሮው ነው። እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሥዕሉን አይታ ፈገግ አለች። አወቀችው። «ጥሩ ማሽን ነበር፣» አለች። እጆቿን ግን ወደ ኋላ አድርጋ ነበር የቆመችው። «እኔ እኮ ለቅቄያለሁ። የልምድ ወረቀቴን ብቻ ይጻፉልኝ።»

ለመንኳት። ቁልፎቹን አሳየኋት። አንድ ፊደል ብቻ አልኳት። ያፈረችልኝ መሰለኝ፤ የአለቃ ልመና ያሳፍራል። መጨረሻ ላይ እኔው ተቀመጥኩ።

ባዶ ወረቀቷን ከግራዬ አኑራ፣ እዚያው ቆማ አጻፈችኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላ ጀመረች። በሥራዬ በሁለት ደቂቃ የማወጣውን ወረቀት፣ በዚያ አደራደር አንድ ፊደል ለማግኘት ቁልፉን ሁሉ እየነካሁ፣ እያጠፋሁ ቆየሁ። ታገሰችኝ። ስሟን ጻፍኩ፣ ታይፒስት ብዬ ጻፍኩ፣ ሥራቸውን በትጋትና በታማኝነት አከናውነዋል ብዬ ጻፍኩ። «ከሥራ የለቀቁት፣» አለች፣ «በገዛ ፈቃዳቸው ነው።»

«ገ» ጠፋችኝ። ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ ክንዷ በትከሻዬ ላይ አለፈና ጣቷ ቁልፉን መታ። አላየችውም። ዓይኗ ከግራዬ ያለው ባዶ ወረቀት ላይ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ገ» ቆመች።

«አየሽ፣ እጅሽ አልረሳም፣» አልኳት።

«ልማድ ነው፣» ብላ እጇን ሰበሰበች።

ቀሪውን እኔ ጨረስኩት። በገዛ ፈቃዳቸው። ያስለቀቅኋት እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ይህን ሐረግ ለስንቱ ሰው ጽፌዋለሁ፣ ስንቱስ በገዛ ፈቃዱ ነበር የለቀቀው? ዞር ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ማተሚያ የለንም። የኦቦን ፕላስተር ልጬ ፍላሽ ሰካሁና ያው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አሳተምኩ። ስመለስ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ መስመር በመስመር ወረደችው። ኅዳጉ ትንሽ ጠቧል አለች። ሌላ ስህተት አላገኘችበትም።

«ይፈርሙበት፣» አለች።

ፈረምኩ። አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ አሳያታለሁ።»

ልጄ የሚለውን ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። አከራያችን ሱቅ ደጃፍ ላይ ሳጥን ስባ ሰጠችኝና ተቀመጥኩ። ከሥራ የምገባበት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ከዚያ ተነስቼ ግቢ ገባሁ፣ የቤታችንን በር አንኳኳሁ።

እናቴ ከፈተችልኝ። ወረቀቱ በእጇ ነው።

«መጣሽ?» አለች። «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።»

ቆሜ አነበብኩላት፤ ለሚመለከተው ሁሉ ከሚለው ጀምሬ። «በገዛ ፈቃዳቸው» ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አለፍኩት።

«ጮክ ብለሽ፣» አለችኝ።